ሊቀ ክዳን እና የድርጭት እንቁላሎቹ

በየሰፈሩ ክዳን ሳይከፍት መኖር የማይችል አንድ ሰው አለ። ድስት ሲንተከተክ ከሰማ ይከፍታል፤ ደህና የሚሠራ ሬዲዮ ካየ «ምን ነክቶት ነው ደህና የሚሠራው?» ብሎ ጀርባውን ይፈታል። መንግሥታት ይወድቃሉ፣ ወንዞች ይደርቃሉ፤ ይህ ሰው ግን ከምድር ገጽ አይጠፋም። የእኛው፣ በሩ ከእኔ በር ትይዩ የሆነው፣ ጡረታ የወጣ የሊፍት ጠጋኝ ነው። ለክብሩ ሲባል «ሊቀ ክዳን» ብለነዋል።

ሰላም ሊለኝ ሲመጣ እንኳ እጁ ቀድሞት ይገባል። «ጋሼ፣ የዚች ቧንቧ ድምፅ አላማረኝም» ይላል። ቧንቧዋ ጤነኛ ናት። የምትታመመው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ሲጠየቅም «አየኋት እንጂ መች ነካኋት!» ይላል።

ታዲያ ይህ ሰው የድርጭት እንቁላል መፈልፈያ ማሽን ገዛ። ከጫማ ካርቶን ብዙም የማይበልጥ፣ ማሞቂያ ያለው፣ ውሃ የሚቀመጥበት፣ ከላይ ደግሞ (ወየው ለእሱ!) ክዳን ያለው። እንቁላሎቹ ቀለም የተረጨባቸው ጠጠሮች ይመስላሉ። መጀመሪያ ላይ መገላበጥ ይፈልጋሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚለምኑት አንድ ውለታ ብቻ ነው፦ አትንኩን። ለሊቀ ክዳን የተመደበው ፈተና ይህ መሆኑን ሳስብ፣ ከላይ ያለው ቀልድ እንደሚያውቅ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ዙር አልሆነም። አንዱ ጫጩት ቅርፊቱን ወግቶ ምንቃሩን ብቅ ሲያደርግ ሊቀ ክዳን «አይዞህ» ሊለው ከፈተ። ደጋግሞ አይዞህ አለው። እርጥበቱ ወጣ፤ የቅርፊቱ ውስጠኛ ስስ ሽፋን ደርቆ ጫጩቱ ላይ ተጣበቀ። ሌሎቹም ቅርፊታቸው ውስጥ ሞተው ቀሩ። ሊቀ ክዳን በረንዳው ላይ ባለች የአበባ ማሰሮ ቀበራቸው። ለቀናት የማንንም ቧንቧ አልነካም፤ ሕንፃው በሙሉ ደነገጠ።

ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ ሁለተኛ ዙር ፈቀደች። «ግን አንተ ሰውዬ፣ እነዚህም በእጅህ ከሞቱ ይህ መፈልፈያህ ከስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ይነሳል። ለጠረጴዛው ብዬ አይደለም። ያን ፊትህን ዳግመኛ ማየት አልችልም።»

የመፈልፈያቸው ቀን ሲደርስ ክዳኑን በፕላስተር አሸገችና ሰውየውን እየገፋች እኔ ቤት አስገባችው። «ጋሼ፣ አደራዎን። ያገኘውን ሁሉ ይፍታ፤ ብቻ እዚያ ድርሽ እንዳይል።»

ፈታ። የግድግዳ ሰዓቴን ፈታ፣ የቤቴን በር ቁልፍ ፈታ፣ የመነጽሬን ብሎን አጥብቆ መልሶ ፈታ። በመሃል በመሃል ብድግ ይላል።

«ውሃው አልቆ ቢሆንስ?»

«ባለቤትህ አለች።»

«እሷ የስፌት ሰው ናት!»

«አንተስ የሊፍት ሰው አይደለህ?»

መፍቻውን አስቀመጠ። «ሊፍት ውስጥ ሰው ሲያዝ እኮ፣ ጋሼ፣ በሩን ሲደበድብ እሰማለሁ። ሄጄ እከፍታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ይኼንኑ ነው። ዝም ብለህ ተቀመጥ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

ብሎን አቀበልኩት።

ቆይቶ «እነዚህ ግን ከውስጥ ራሳቸው ይከፍቱታል፣ አይደል?» አለ።

«ራሳቸው።»

ተቀመጠ። እንደዚያ ሆኖ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም፤ ወንበሩ የሚያቃጥለው ይመስል ነበር።

ባለቤቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩን በርግዳ ገባች። «ወጡ! ኧረ ወጡ!»

በአንድ እግር ጫማ ሮጠ፤ ተከተልኩት። በማሽኑ መስኮት በኩል ከአውራ ጣት የማይበልጡ ጫጩቶች፣ ገና ላባቸው ሳይደርቅ፣ እየተንገዳገዱ እርስ በርስ ይረጋገጣሉ። አንድ እንቁላል ብቻ ቀርቶ ይወዛወዛል። ሊቀ ክዳን ሁለት እጁን ብብቱ ሥር ወሸቀ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። «በል በርታ» አለው በመስኮቱ፣ «እኔ የለሁበትም።»

ቅርፊቱ ለሁለት ተከፈለ። ባለቤቱ በብጫቂ ጨርቅ ዓይኗን ጠረገችና «አቧራ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሊቀ ክዳን ጫጩት አሳዳጊ ሆኗል፤ ወደ እኔም ብቅ አይል። ቤቴ ያለው ዕቃ ሁሉ እንደተከደነ ነው፣ ሁሉም ይሠራል፤ ዝምታውም አይጣል ነው። ትናንት ምንም ያልሆነች ካውያዬን ብብቴ ሥር ይዤ በሩን አንኳኳሁ።

«ምን ሆነች?» አለኝ፣ ዓይኖቹ በርተው።

«እንጃ» አልኩት። «እስቲ ክፈታት።»