ረጅም ቃል ፈላጊው

የስልኩ የቃላት ጨዋታ ጥቂት የእንግሊዝኛ ፊደላት ሲሰጠው፣ ሁሉንም የያዘ ረጅም ቃል እያሰሰ ምሳው የሚቀዘቅዝበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የቃሉን ትርጉም እንዳትጠይቁት፤ እሱ የሚያውቀው ርዝመቱን ብቻ ነው። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ። በየጠዋቱ መስታወት ፊት አገኘዋለሁ።

አምና አባቴ ከመካነ ብርሃን ለሕክምና መጥተው እኔ ቤት አደሩ። ጠዋት ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የጻፈው ነው። እስኪ አንብብልኝ።»

«ትንሽ ይታገሡኝ አባዬ፣ አንድ ቃል ቀርቶኛል።»

ታገሡኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅዳሴ የቆሙ ቄስ ናቸውና መታገሥ ያውቁበታል። በመጨረሻ አሥራ አራት ፊደል ያለው ቃል አገኘሁና በኩራት አሳየኋቸው።

«ሸጋ ነው። ምን ማለት ነው?»

«እሱን እንኳ አላውቅም።»

«እኛም ልጅ ሳለን ዳዊት የደገምነው ትርጉሙን ሳናውቅ ነው። ኋላ ግን መምህራችን ፈቱልን። አንተ የሚፈታልህ የለም?»

እኔ ወደ ስልኬ አቀረቀርሁ። እሳቸውም ወረቀቱን ቀስ ብለው መልሰው አጠፉት፤ ማኪና እንዳያመልጣቸውም ተነሡ።

ወረቀቱን ያነበብሁት ከቀብራቸው በኋላ ነው። መሐሉ ላይ አንድ ረጅም ቃል አለ፤ የበሽታቸው ስም። ይቅር ይበለኝ፣ ከማልቀሴ በፊት ፊደላቱን ቆጠርሁ።