አብዲና የጋናው ካሴት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ «ድሮ ቀረ ሙዚቃ» የሚል ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር ታውቃላችሁ? የኛ የጅግጅጋ ሰፈር ሽማግሌ ጓደኛዬ አብዲ ነው። እሱ ደግሞ የሚናፍቀው ሃይላይፍ የሚባለውን የጋና ሙዚቃ ነው። ጋና የት፣ እኛ የት? ደወሌ ባቡር ጣቢያ ጫኝና አውራጅ ሳለ በጅቡቲ ባቡር የመጣች አንዲት ካሴት ገዛ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሻይ ቤት እያመጣ ያስከፍታታል። እሷ ስትዘፍን ያወራ ሰው አለቀለት።

በቀደም ካሴቷ ተከፍታ ሳለ መብራት ሄደና ቴፑ ቆመ። አብዲ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ጠረጴዛውን በጣቱ መምታቱን ቀጠለ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ክንዱን ነካ ቢያደርገው፣

«ዋርያ፣ ዝም በል። ጥሩምባው ሊገባ ነው» አለው።

ጆሮው እንደደከመ እናውቅ ነበር፤ ጨርሶ እንደከዳው ግን ያኔ ገባን። ሻይ ቤቱ ውስጥ ማንም አልሳቀም፤ ስኳሩን እንኳ ያማሰለ የለም። ጥሩምባው አልቆለት መሰለኝ፣ ጣቱን አሳርፎ ወደኔ ዞረ።

«የዛሬዎቹ እንዲህ ይነፋሉ?»

በዚህ ነገር ስንት ዘመን ተከራክሬዋለሁ መሰላችሁ። «አይነፉም» አልኩት፤ እንዲያይልኝም ራሴን ደጋግሜ ነቀነቅሁ።