የሦስት ቁጥር ሚስማር

ባዶ ቦታ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። እኛ ባዶ ወንበር ካየን ኮታችንን እንሰቅልበታለን። ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ዘንቢሉን ወይም ድንጋዩን አስቀምጦ የሄደ ሰው፣ ቤቱ ገብቶ ቁርሱን በልቶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ መንገድ ላይ ካገኘው ሰው ጋር ስለ ኑሮ አውርቶ ሲመለስ ቦታው እንደተጠበቀ ያገኘዋል። ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አድርጎ የገባ ደፋር ካለ ሰልፉ በሙሉ ይነሳበታል። ይህን የሚደነግግ አንድም ወረቀት የለም። ግን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት ባለፈው ሳምንት አንድ ሰርግ ላይ ለዘመድ ስድስት ወንበር ይዛችሁ ይሆናል።

ባዶ ቦታ በሌላ ሰው ዘንድ ተቃራኒውን ሊናገር እንደሚችል እኔ ያወቅሁት ሚኒሶታ ከገባሁ በስድስተኛው ዓመት፣ በአሻንጉሊት መኪና ምክንያት ነው።

አሻንጉሊት ማለቴን ከማል ቢሰማ ይቀየመኛል። ከማል ጎረቤቴ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ ሮቢንስዴል ሆስፒታል ውስጥ በሽተኞችን ከክፍል ክፍል በአልጋ እየገፋ ያመላልሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ክሪስታል የሚባል ከተማ ውስጥ ድሮ የምንጣፍ መጋዘን በነበረ አዳራሽ ይውላል፤ እዚያ በሪሞት የሚነዱ፣ ርዝመታቸው ከክንድ የማይበልጥ መኪኖች ይወዳደራሉ። "አሻንጉሊት ሱቅ ውስጥ ይገዛል፤ ይቺን እኔ ነኝ ብሎን በብሎን የገጠምኳት" ይላል። እኔ ሻኮፒ ከተማ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። አንድ የጥር ቅዳሜ ሺፍት ስላልነበረኝ፣ ውጭ ደግሞ በረዶው የቆሙ መኪኖችን ስለዋጠ፣ "አሮጌዋን መኪናዬን አውስሃለሁ፣ ና ሬስ አድርግ" ሲለኝ እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ጎልማሶች ጠረጴዛ ላይ አቀርቅረው ብሎን ያጠብቃሉ። መሀሉ ላይ ግራጫ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ መንገዱ በፕላስቲክ ቧንቧ ተከልሏል፤ ነጂዎቹ ከፍ ያለ የእንጨት መድረክ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ። ከማል ጃኬቱን እያወለቀ ደንቡን ነገረኝ።

"መኪናዋ ወደ አንተ ስትመጣ ግራና ቀኙ ይገለበጥብሃል፤ አትደንግጥ። ሬስህን ስትጨርስ ደሞ ወደ ጠረጴዛህ አትሮጥም። ኮርነር ላይ ቆመህ የሚቀጥሉትን ሰዎች መኪና ሲገለበጥ ታነሳለህ። እዚህ ሁሉም ያነሳል፣ ሁሉም ይነሳለታል። ሪሞቱን ከማብራትህ በፊት ግን እዚያ ቦርድ ጋ..."

ስሙ ተጠራና ሮጠ።

ቦርዱ ጋ ሄድኩ። ቁጥር የተጻፈባቸው ሚስማሮች ተደርድረዋል፤ በአንዳንዶቹ ላይ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሏል፣ አንዳንዶቹ ባዶ ናቸው። የእኔ ሪሞት ጀርባ ላይ "3" ተብሎ ተጽፏል። የሦስት ቁጥር ሚስማር ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ የማንም አይደለም ማለት ነው። የቤቴን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ሰቀልኩበትና ቦታዬን ያዝኩ። ከጎኑ አራት መስመር እንግሊዝኛ ተለጥፎ ነበር። አላነበብኩትም። አዲስ አበባ ሳለሁ ዜና እየጻፍኩ፣ ወጣት ዘጋቢዎችን "አጣራ፣ ደግመህ አጣራ" እያልኩ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ግን ነገሩ የገባው ሰው ምን ሊያጣራ?

ጠረጴዛችን ጋ ተመልሼ መኪናዋንም ሪሞቱንም አበራሁ። ጎማውን ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ ታዘዘኝ። በዚያው ቅጽበት ከአዳራሹ መሀል ጧ የሚል ድምፅ መጣ፤ ሰዉም "ኦው" አለ። ሪሞቱን አጥፍቼ ለማየት ሄድኩ። አንዲት ሰማያዊ መኪና ጀርባዋ ላይ ተኝታ፣ ጎማዎቿ አየር ላይ ይዞራሉ።

ከማል ውድድሩን ጨርሶ፣ ኮርነር ላይ የማንሳት ተራውንም ተወጥቶ ሲመጣ ፊቱ ልክ አልነበረም።

"ጋሽ ሮይን አየኸው?" አለኝ። ጋሽ የሚለው እሱ ነው፤ ሰውየው ጡረታ የወጡ የሚኒሶታ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አራት ነው። "እየመራ ነበር እኮ። ቀጥታው መንገድ ላይ፣ ማንም አጠገቡ ሳይኖር፣ ወደ ቀኝ ዞሮ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። አበቃ።"

"አንዴ ቢገለበጥ ምን አለበት?"

"እጁ ይንቀጠቀጣል። ሁለት ዓመቱ ነው። ልጁ 'ተው' ትለዋለች፣ ሐኪሙ 'እንደፈለግህ' ይለዋል። ባለፈው መስከረም ሰው ሁሉ ፊት ምን አለ መሰለህ? ቀጥታ መንገድ ላይ፣ ማንም ሳይነካኝ የገለበጥኩ ዕለት ሪሞቴን አስቀምጣለሁ አለ። አስቀመጠ። ያውልህ፣ እየሸከፈ ነው።"

ዞር ብዬ አየሁ። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥን ይመልሳሉ። ማንንም አይወቅሱም። ሰው ሲያጽናናቸው "እጄ ነው" ብቻ ይላሉ።

"በል ያንተ ደርሷል" አለኝ ከማል፤ "ፒንህ የታለ?"

"የምን ፒን?"

"መቆንጠጫዋ። ሦስት ቁጥር..." ወደ ቦርዱ አየና ቆመ። "ያ የማን ቁልፍ ነው?"

"የኔ ነው። ቦታ ይዤ ነው።"

"ቦታ?" ከማል ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማ ጋዜጠኛው፣ ሚስማሩ ባዶ ከሆነ እኮ ፒኗን ሰው ወስዷታል ማለት ነው። ፒኗን አንቴናው ላይ የሰካ ሰው ብቻ ነው የሚያበራው። ሁለት ሰው በአንድ ቁጥር ካበራ የአንዱ ሪሞት የሌላውን መኪና ያዛል። ፒኗ ጋሽ ሮይ ጋ ነበረች። አብርተሃል?"

"ለሙከራ ያህል።"

"መቼ?"

መልሱን አብረን አወቅነው።

ከማል ሄዶ ቁልፌን ከሚስማሩ አውርዶ ኪሴ ውስጥ ከተተው። "ማንም አላየህም" አለ። "እዚህ ሰው እስኪለምደኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ዛሬ ካወራህ ከዚህ በኋላ ወደ ቦርዱ በሄድኩ ቁጥር ሠላሳ ሰው ነው የሚያየኝ። ሰኞ በስልክ ቀስ አድርጌ እነግረዋለሁ።"

ክርክሩ መጥፎ አልነበረም። ሰኞም ሩቅ አይደለም። እኛ እንዲህ ስንንሾካሾክ ግን ሮይ ሰማያዊዋን መኪና በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጧት። ለከማል፣ "ለጓደኛህ ስጠው" አሉት በእንግሊዝኛ። "ያቺ አሮጌ ለጀማሪ አትሆንም።" እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ሰኞን መጠበቅ አልተቻለም። ዜና እንደማነብ አድርጌ ነገርኳቸው፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ። ቁልፌንም አወጣሁና አሳየሁ።

ሮይ ቁልፉን አገላብጠው አዩት። "በሦስት ቁጥር?" አሉ።

"በሦስት ቁጥር።"

"ልክ ቀጥታው ላይ ስደርስ?"

"የእኔ ጎማ እንደዞረ ነው ድምፁን የሰማሁት።"

"ወደ የት አዞርከው?"

"ወደ ቀኝ።"

"ወደ ቀኝ" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ክንዴን ያዙና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ወሰዱኝ። "ንገረው" አሉ። ነገርኩት። ወደ ሦስተኛው ወሰዱኝ። ጥፋቴን አራት ጊዜ ተናዘዝኩ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ሰሚው ይቆጣል፣ ሮይ ደግሞ እየፈኩ ይሄዳሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣ ዙር የምትቆጥረው የውድድሩ ኃላፊ ስሜን መዝገቧ ላይ ጻፈችና ያቺን አራት መስመር ሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረገችኝ። ጥርት ያለች እንግሊዝኛ ናት። ፒን ሳትይዝ አታብራ የሚለው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ሮይ ሰማያዊዋን መኪና ወሰዱ። መፍቻዎቹ ከሳጥኑ ወጡ።

ስለ እኔ ውድድር የሚነገረው አጭር ነው። ከኋላዬ መኪና በመጣ ቁጥር በር ላይ እንደምናደርገው ጠርዝ ይዤ "እለፉ" አልኩ፤ ጠርዙ ደግሞ ለካ ሁሉም የሚያልፍበት ነው። አምስት ሆነን ገባን፣ አምስተኛ ወጣሁ። ከማል፣ "ድራይቭ አደረግህ ወይስ እንግዳ ተቀበልክ?" አለኝ። ቀጥሎም የሪሞቴን ባትሪዎች በሙሉ አውጥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ለአገር ሰላም ሲል መሆኑ ነው። የሦስት ቁጥሯን መቆንጠጫ በእጄ ወስጄ ለሮይ ሰጠሁና በደንቡ መሠረት ኮርነር ላይ ቆምኩ።

ቀጣዩ የእነሮይ የዕለቱ የመጨረሻ ውድድር ነበር፤ ከማልም አለበት። ሮይ ሁለተኛ ሆነው ስድስት ዙር ሄዱ። አነዳዳቸው መንዳት ለማያውቅ ሰው እንኳን ያምራል፤ መኪናዋ ከምንጣፉ ላይ ሳትነሳ፣ ቧንቧውን ሳትነካ ትታጠፋለች። በሰባተኛው ዙር ቀጥታው ላይ ከፊቷም ከኋላዋም ማንም አልነበረም። ትንሽ ወዲህ ወዲያ አለች። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞራ ከግድግዳው ጋር ተላተመችና እግሬ ሥር ተገልብጣ ቆመች።

ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። ከመድረኩ ላይ የሮይ ድምፅ መጣ።

"አንተ ነህ?"

ማስረጃው እንዲህ ነበር፤ ሪሞቴ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ባትሪዎቹ ከማል ኪስ ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም እጆቼ የሰውየውን መኪና ይዘዋል። ከአዳራሹ ውስጥ ይህን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ ከማል ብቻ ነበር። ከማል አንዴ አየኝና ዓይኑን ወደ መኪናው መለሰ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ይቅርታ።"

"ያንን ነገር አጥፋው አላልንህም እንዴ?" አሉ ሮይ፤ ሳቃቸው እስከ ኮርነሩ ተሰማ። መኪናዋን አስቀመጥኳት፣ ሄደች። ሦስተኛ ወጡ። ሲወርዱ ለልጃቸው ስልክ ደወሉና አንድ የማይረባ ጀማሪ ሁለት ጊዜ እንዳበላሸባቸው እየሳቁ ነገሯት።

የውድድሩ ኃላፊ ግን አልሳቀችም። መዝገቧን ገልጣ ስሜን ለሁለተኛ ጊዜ ጻፈች። ሦስተኛ ጊዜ የተጻፈ ሰው ከክለቡ እንደሚሰናበትም ነገረችኝ። እስከ ወቅቱ ማብቂያ ስምንት ቅዳሜ ይቀራል፤ የጋሽ ሮይ እጅም እየተሻላቸው አይደለም።