የእትዬ አልታየች ግማሽ ኪኒን

የታዘዘለትን መድኃኒት ብቻውን መዋጥ እንደ ስስት የሚቆጥር ጎረቤት የሌለው የአንኮበር ሰው የለም። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በወረፋ በሚታደልበት በደርግ ዘመን ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት እትዬ አልታየች ነበሩ። ልባቸው ምቱን ስለሚያዛባ ከአዲስ አበባ ኪኒዲን የሚባል ኪኒን ታዞላቸዋል። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት ይዞራሉ፤ ለመፍታት የሚፈጥነውን ያህል ግን እጃቸው ለመቋጠር አይፈጥንም።

"እኔን ያዳነ ማንን ይገድላል?" ይላሉ።

ረሒማ ከአልዩ አምባ ለገበያ ስትወጣ ዳገቱ ትንፋሽ ቢያሳጣት ግማሽ ሰጧት። "አላህ ይስጥልኝ" ብላ ጉያዋ ከተተችው። ዳገቱ ሲያልቅ ትንፋሿ ተመለሰ፤ ምስጋናው ግን ለኪኒኑ ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረአብ ደግሞ ለስብሰባ በተጠራ ቁጥር ልቡ ይደልቅበታል። አንድ ቀን ግማሹን ዋጠ፤ ስብሰባው ተሰረዘ፤ ልቡም አረፈ። ከዚያ ወዲያ እትዬን የሚከራከር ጠፋ።

ታዲያ የጎረቤታቸው የወለተሐና ጨቅላ፣ ገና ክርስትና ያልተነሣው ልጅ፣ አንድ ጧት ጡት እንቢ አለ። ወለተሐና ጆሮዋን ደረቱ ላይ ብታኖር፣ በዚያች መዳፍ በማታህል ደረት ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ መሰላት። እትዬ ኪኒናቸውን ለሁለት ሰብረው ደረሱ።

"ለግማሽ ሰው ግማሽ።"

"እትዬ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።"

"ይየዋ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ መድኃኒቱ ባይኖረውስ?"

በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ገቡ። ወጣቱ ዶክተር ኃይለ ገብርኤል ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ የሕፃኑ ፊት ላይ ለአፍታ አሳረፈ። በደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ውሃ መፈለግ አያስቸግርም። ሕፃኑ ደነገጠ፤ ትንፋሹን ያዘ፤ ከዚያ አለቀሰ። ዶክተሩ ማዳመጫውን ደቅኖ ቆየ።

"ብርዱ የሚጋልበውን ልቡን ገታው፤ ምቱ ተመልሷል።"

እትዬ ግማሿን ኪኒን ዘረጉ። "እንዳይደግመው ይቺን ይዋጣ።"

"አይሆንም፣ እናቴ። የልብ ሕዋስ በሮች አሉት። ልብ ከመታ በኋላ የሚያርፈው ፖታሲየም በነሱ ሲወጣ ነው። ይህ ኪኒን በሮቹን ገርበብ አድርጎ የሚቻኮለውን ምት ያዘገያል፤ ለርስዎ የበጀዎት ለዚህ ነው። የጨቅላ ልብ በሮች ግን ገና ተሠርተው አላለቁም። ያሉትን ብንዘጋበት ማረፍ ያቅተዋል።"

ወለተሐና ልጇን አየችው። እዚያ ውስጥ በር እየተሠራ እንደሆነ ማንም ነግሯት አያውቅም።

"ግማሿም አትሆን?" አሉ እትዬ።

"ቅንጣቷም። ልጅ የአዋቂ ግማሽ አይደለም።"

ዶክተሩ ይህን ብሎ የእትዬን እጅ ያዘና የደም ሥራቸውን ዳሰሰ። ፊቱ ጠቆረ።

"እርስዎ ራስዎ ከዋጡ ስንት ጊዜዎ ነው?"

"እኔማ ቆየሁ። ሰው ታሞ እያየሁ እንዴት ይወርድልኛል?"

"የቀረዎትስ?"

እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ሌላኛዋ ግማሽ ብቻ ነበረች። ለሕፃኑ የሰበሩት የመጨረሻውን ኪኒናቸውን ኖሯል።

"አሁኑኑ ሁለቱንም ይዋጡ" አለ ዶክተሩ። "ሌላ እዚሁ እሰጥዎታለሁ።"

እትዬ ከንፈራቸውን ገጥመው ሕፃኑን ያያሉ። ወለተሐና ልጇን ለዶክተሩ አስታቀፈችና አንዷን ግማሽ አንሥታ ወደ እትዬ አፍ አቀረበች።

"በሞቴ።"

በሞቴ ተብሎ እንቢ አይባልም፤ ዋጡ። ከዚያም ክብራቸውን ምንም ሳያጓድሉ አፋቸውን እንደገና ከፈቱ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አሉ።