በብርድ አገር የአይስክሬም ማሽን

ሰው ትልልቁን ነገር በችኮላ፣ ትንንሹን ነገር በጉባኤ የሚወስን ፍጡር ነው። እኔ ለምሳሌ ለማግባት የወሰንኩት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም ዝናብ አስጠግቶን አንድ በረንዳ ሥር ቆመን ሳለ። መምህር ለመሆን የወሰንኩት ደግሞ ከምዝገባ ሰልፎቹ ሁሉ አጭሩ የመምህራን ማሠልጠኛው ስለነበረ ነው። ሁለቱም ውሳኔዎች አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ባለቤቴ አልፎ አልፎ ከምታሰማው በስተቀር ቅሬታ አልቀረበባቸውም። እንዲህ ያለ ቆራጥ ሰው የአይስክሬም ማሽን ልግዛ ወይስ ልተው እያለ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያጣል ብትሉኝ ከት ብዬ እስቅ ነበር። ይኸው አጣሁ።

አሰላን የማያውቅ ሰው ነገሩ ምኑ ከባድ ነው ሊል ይችላል። እኛ ዘንድ ሰው ሱቅ ገብቶ ለስላሳ ሲጠይቅ፣ ባለሱቁ የሚያነሳለት ከፍሪጅ ሳይሆን ከመደርደሪያ ላይ ነው። ከፍሪጅ ከሰጠው ተጣልተዋል ማለት ነው። ጭላሎ ተራራ ማለዳ ማለዳ ትንፋሹን ይለቅብናል፤ ጋቢያችንን እስከ አራት ሰዓት አናወልቅም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁና ምክንያቱን በካርታ ላስረዳችሁ እችላለሁ፤ ግን ማብራሪያ ብርዱን ሲቀንስ አላየሁም። በዚህ አገር አይስክሬም መሥራት ምን ይባላል?

ምክንያቴ ቤዛ ናት። ቤዛ አዳማ ያለችው የልጄ የሰናይት ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሌላ የልጅ ልጅ የለኝም። ለገና መጥታ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሹራብ በሹራብ ላይ ደራርበንባት እንደ ድንች ከረጢት ቤት ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ፣ አባባ አሰላ ውስጥ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሞኙ ጥያቄውን የትምህርት አድርጌ ወሰድኩት። ተራራውን፣ ንጹሕ አየሩን፣ እስከ ሳጉሬና ዲክሲስ የተዘረጋውን የገብስና የስንዴ ማሳ፣ ሁሉንም ዘረዘርኩላት። በትዕግሥት አዳመጠችኝና፣ ከዚህ ውስጥ የሚበላ አይስክሬም አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። ሲሄዱ መኪናው ውስጥ ሆና ለእናቷ የተናገረችውን ሰማሁ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እዚህ አልመጣም፣ አዳማ ይሻለኛል ነው ያለችው።

ልጅ ነች፣ ትረሳዋለች አሉኝ። እኔ ግን አልረሳሁትም። እውነቱን ልናገር፣ ከፋኝ። ከባለቤቴ ከአሰለፈች ጋር ሁለት ሽማግሌዎች ሆነን የምንኖርበት ቤት፣ ያቺ ልጅ ካልመጣችበት ምን ይደረግበታል? አድጋ እኛን ስታስታውስ የምታስታውሰው ሹራብ ብቻ ሊሆን ነው ብዬ ተብከነከንኩ። እንዲህ እየተብከነከንኩ በዋናው መንገድ ሳልፍ ነው ማሽኑን በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መስታወት ውስጥ ያየሁት። ሳጥኑ ላይ ጥርሷ የሚያምር ልጅ በማንኪያ ትስቃለች። ቆሜ ቀረሁ።

አሰለፈች ሐሳቡን ስነግራት ተቃውሞዋ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኝ የነበረ ይመስል ነበር። አንደኛ ልጅቷን ቶንሲል ያስይዛታል አለች። ብርድ በምግብ አይገባም ብዬ በሳይንስ ላስረዳት ስጀምር ሳል ያዘኝ፤ እሷም ክርክሩን በዚያው አሸነፈች። ቀጥላ ጾሙን አነሳች። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ነቢያት አለ፤ ዓመቱን ብንቆጥረው ማሽኑ የሚሠራበት ቀን ከሚያርፍበት አይበልጥም አለች። ለጡረታ አንተ ትበቃናለህ፣ ሌላ ጡረተኛ ምን ያደርግልናል ብላ ጨረሰች።

መፍትሔውን ያመጣው ጎረቤታችን ከድር ነው። ከድር እህል ነጋዴ ነው፤ ሳጉሬ መንገድ ላይ ላሞች አሉት፤ የምንጠጣው ወተት ከእሱ ቤት ነው የሚመጣው። ነገሩን ሰምቶ ጥቂት አሰበና፣ መምህር፣ ለምን በጋራ አንገዛውም አለኝ። እናንተ ስትጾሙ እኛ እንሠራበታለን፣ እኛ ረመዳን ስንይዝ እናንተ ትሠሩበታላችሁ፣ ማሽኑ አንድ ቀን ሥራ አይፈታም አለ። አያችሁት ብልኃቱን? ስንት ጉባኤ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ውሳኔ አያወጣም። አሰለፈች እንኳ ተስማማች። የከድር ባለቤት ፋጡማ ወተቱን በነፃ ልትችል ቃል ገባች። ከአራታችን አንዳችንም ካሌንደር ገልጠን አላየንም።

ባለሱቁ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ወረቀት ከራሱ በላይ ለጥፏል፤ ለእኔ ግን፣ ቲቸር እርስዎ ሦስት ቀን ይሞክሩት፣ ካልወደዱት ይመልሱታል፣ ሳጥኑ ብቻ እንዳይቀደድ አለኝ። በጂኦግራፊ ያለ ልክ አስጨንቄው እንደነበር እኔ አስታውሳለሁ፤ እሱ የረሳው መሰለኝና ቶሎ ተሸክሜ ወጣሁ።

ያኔውኑ ለሰናይት ደወልኩ። ትምህርት ቤቱ ለመንፈቁ ሊዘጋ ነበር። ለቤዛ አሰላ ውስጥ አይስክሬም እንዳለ ንገሪያት አልኳት። ሰናይት ከዚያ ማዶ ሆና ተማክራ ተመለሰችና፣ ቅዳሜ እንመጣለን፣ ግን ሁለት ቀን ብቻ ብላለች፣ ካልጣማት እሑድ እንመለሳለን አለችኝ። እንግዲህ ነገሩ ለይቶለታል። ማሽኑ ቅዳሜ ካልተሳካ ማሽኑም ይመለሳል፣ ልጅቷም ትመለሳለች።

ሐሙስ ዕለት መመሪያውን አነበብኩ። የማሽኑ ባልዲ አንድ ሌሊት ሙሉ ፍሪዘር ውስጥ መቀመጥ አለበት ይላል። የእኛ ፍሪዘር እንደሌላው ጊዜ ሥጋና ቅቤ ሞልቶት ቢሆን ባልዲው የት ይገባ ነበር? ግን ባዶ ነበር። ለምን ባዶ ሆነ ብዬ እንኳ ሳላስብ ደስ ብሎኝ ከተትኩት። ዓርብ ከሰዓት ፋጡማ ወተቱን ይዛ መጣች፣ አሰለፈች አፍልታ ስኳር ጨመረችበትና አቀዘቀዘችው፣ እኔ ማሽኑን አስነሳሁ፣ ከድር በሩ ላይ ቆሞ ተመለከተ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ሆነ። እስቲ ቅመሱልኝ አልኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔና አሰለፈች ዐቢይ ጾም ከያዝን አምስተኛ ቀናችን ነው። ከድርና ፋጡማ ረመዳን ከያዙ ሦስተኛ ቀናቸው። ያ የጋራ ግዢያችን፣ አንዱ ሲጾም ሌላው የሚበላበት ያ ብልኃት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ገብተው ተቀመጡበት። አራት ትልልቅ ሰዎች አንድ ባልዲ አይስክሬም ከበን ቆመናል፤ ስኳሩ ይብዛ ይነስ የሚነግረን የለም። አሰለፈች የነካችበትን ማንኪያ እንኳ ከጾሙ ዕቃ ጋር እንዳይገናኝ ብላ መስኮት ላይ ለብቻው አስቀምጣዋለች።

ከድር መፍትሔ አያጣም። ከመንገዱ ማዶ ወይዘሮ ደስታ አለች፣ ጴንጤ ናት፣ የእኛንም የእናንተንም ጾም አትጾም አለ። ስንት ዓመት ጎረቤት ስንሆን ወይዘሮ ደስታን እንደዚያ ዕለት ፈልገናት አናውቅም። ተጠርታ መጣች፤ ባልዲውን አየች፤ ምራቋን ዋጠች። ከዚያ በጣም ያሳዘነኝን ነገር ተናገረች፤ ስኳር አለባት፤ ሐኪም ከልክሏታል። ሽታውን ግን አሽትታ መልካም ነው ብላ መረቀችንና ሄደች።

የቀረን ከድርን ማፍጠሪያው ሰዓት እስኪደርስ መጠበቅ ነው። ክዳን ባለው ዕቃ አድርገን ላክንለት። አዛን ካለ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አጥሩ ጋ መጥቶ ጠራኝ። እኔም እየሮጥኩ ወጣሁ። መምህር፣ እጅግ ግሩም ነገር ነው፣ ሆዴን አሞቀኝ አለ። እንዴት ነው አይስክሬም የሚያሞቅ ብዬ ስጠይቀው፣ ባዶ ሆድ ላይ ቀዝቃዛ ጥሩ አይደለም ብላ ፋጡማ ምድጃ ላይ ጥዳ ዝንጅብል እንደጨመረችበት ነገረኝ። ሦስት ስኒ ጠጥቷል። ራኮ ሂንቀቡ፣ ምንም ችግር የለበትም ብሎ አጽናናኝ። ችግሩ እኔ ዘንድ ነበር፤ ያን ሁሉ ጠብቄ ያገኘሁት ምስክርነት የትኩስ ወተት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፋጡማ ለእንግዳዋ ክብር ብላ አዲስ ወተት አመጣች። የምታከብረውን ሰው ወተት የምታመጣለት በደንብ በታጠነ ቅል ነው፤ ያን ቅል በወይራ ጭስ አጥናው ስታበቃ ወተቱ ከመድረሱ በፊት ሽታው በር ላይ ይደርሳል። እኔ ለዘመናት የለመድኩት ሽታ ስለሆነ ልብ አላልኩትም። ሠራነው። ባልዲው ሲከፈት ነው፣ ያ ጭስ ቅዝቃዜው ውስጥ እንዳለ መቀመጡን ያወቅሁት። ሌላ ለመሥራት ጊዜ አልነበረም፤ ሚኒባሱ ደርሶ ነበር።

ቤዛ ገባች፤ ሹራቧን ራሷ ለብሳ መጥታለች፤ ሰላምታም ሳታበዛ ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠች። አሰለፈች በትንሽ ሳህን አቀረበችላት። እኔ፣ አሰለፈች፣ ሰናይት፣ ከድርና ፋጡማ፣ አምስት ጾመኞች ቆመን አንዲት ማንኪያ ወደ አንድ አፍ ስትሄድ እናያለን። ፈተና ወረቀት ሳርም ኖሬ እንዲህ የፈራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ቀመሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ አባባ ይሄ ጭስ ጭስ ይላል አለች።

ፋጡማ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። እኔ ሳጥኑ አለመቀደዱን በዓይኔ አረጋገጥኩ። ቤዛ ግን ማንኪያውን አላስቀመጠችም። ሁለተኛ ወሰደች፣ ሦስተኛ ወሰደች፣ ሳህኑን በጣቷ ጠረገችና መልሳ ዘረጋችልን። የአዳማው ስኳር ብቻ ነው፣ ይሄኛው ግን የራሱ ሽታ አለው ብላ ለእናቷ አስረዳቻት። ሁለት ቀን የተባለው ቀርቶ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ሰነበተች። ጠዋት ጠዋት ፋጡማ ቅል ስታጥን አጠገቧ ተቀምጣ ታያለች፤ ከሰዓት ከእኔ ጋር አይስክሬም ትሠራለች፤ በመሃሉ ስለ ጭላሎ እነግራታለሁ፣ አፏ ሙሉ ስለሆነ አታቋርጠኝም። ያን ሳምንት ቤታችን ቤት ሆነ። ባለሱቁ ዘንድ ሄጄ ማሽኑ አይመለስም አልኩት።

መመለሻቸው ቀን ሲደርስ ሻንጣ ስንሸክፍ ቤዛ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ አገኘናት። ማሽኑ የአያትሽ ነው አለቻት እናቷ። ቤዛም በእርጋታ መለሰች፤ እዚህ ቤት አይስክሬም የሚበላ ሰው የለም፣ አሰላ ይበርዳል፣ አዳማ ይሞቃል፣ ታዲያ ማሽኑ እዚህ ምን ይሠራል አለች። ጂኦግራፊውን ራሴ ነኝ ያስተማርኳት። ባለድርሻ ነውና ከድርን አስጠራሁት፤ እሱም የልጅቷ ፍርድ ትክክል ነው፣ እኛስ ብንሆን አሙቀን አይደል የምንጠጣው ብሎ በእኔ ላይ ፈረደ። ማሽኑ ተጭኖ ሄደ።

በሳምንቱ ሰናይት ደወለች። በአዳማ ወተት ሠርታላት ቤዛ ጭሱ የታለ ብላ ገፍታዋለች። ስለዚህ ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ የፋጡማን ቅል በጉልበቶቼ መካከል አቅፌ በሚኒባስ አዳማ እወርዳለሁ። ተሳፋሪው ሽታውን ሲሰማ ዞር ዞር ብሎ ያየኛል፤ ግድ የለኝም። ቤዛ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች፤ መጀመሪያ የምታቅፈው ቅሉን ነው፣ ሁለተኛው ግን እኔ ነኝ። ልጅቷን በሁለት ወር ውስጥ ያየሁትን ያህል በሁለት ዓመት አላየኋትም።

አሰለፈች ግን አልተዋጠላትም። ልጅቷን ወደዚህ ያምጣ ተብሎ የተገዛ ዕቃ አንተን ወደዚያ ወሰደብኝ፣ እኔስ ማንን ልይ አለች። እውነቷን ነው። ሌላ ነገር እንግዛ፣ ግን በሚኒባስ የማይጫን ይሁን አለች። ብዙም አላቅማማችም፤ ግቢያችን ውስጥ የብረት ዥዋዥዌ እንዲተከል አዘዘች፣ እግሩም በሲሚንቶ እንዲቀበር። ከድር የሚያውቀውን ብየዳ ሠራተኛ ይዞ መጣ፣ ጉድጓዱ ተቆፈረ። እኔም ብሥራቱን ልንገራት ብዬ ለቤዛ ደወልኩ። ዥዋዥዌው እንዴት እንደሆነ፣ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ከእሱ ላይ ሆና ጭላሎን እንደምታይ ሁሉንም ነገርኳት። በደስታ ጮኸች። ጩኸቷ ሲበርድ ጥቂት አሰበችና፣ አባባ ይፈታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።