የሰንበት ሹፌር

ለቅዳሜ አጥቢያ ያይሽ ሕልም አየች፤ ሕልም ብሎ ዝም! ዓለም ተገልብጣ ሰንበት የሥራ ቀን ሆናለች፤ ያረፈ ሰው በፖሊስ ይፈለጋል። አንድ ምስኪን ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲያዛጋ እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

ከጎንደር እስራኤል የገቡት የቤተ እስራኤል ካህን አባቷ ቄስ አድማሱ ደግሞ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ የአውቶቡስ መሪ ጨብጠዋል። ልብ በሉ፣ እኚሁ ሰው ናቸው ልጃቸው ቴል አቪቭ ሄዳ ልብስ ሱቅ ከተቀጠረች ወዲህ «በሰንበት መኪና ተሳፍረሽ ደጄን እንዳትረግጪ» ያሏት። ሱቁ ዓርብ የሚዘጋው ፀሐይ ገብታ ሰንበት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ከቅዳሜ ሌላ የዕረፍት ቀን የላትም። እንዲህ ሆኖ የታመመች እናቷን ዓይን ከፋሲካ ወዲህ አላየችም።

«ግቢ እንጂ ልጄ!» አሉ አባቷ ጥሩንባውን እያስጮኹ። «ሰንበት አይደለም እንዴ? መኪና ያልተሳፈረ ይኮነናል!»

«አባዬ፣ መንጃ ፈቃድ ከየት አመጣህ?»

«ከሲና ተራራ ነዋ!»

ገባች። አውቶቡሱ የልጅነት ትምህርት ቤቷን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ አለፈ። ያኔ «ያይሽ ለአፍ አይመችም» ብላ በዕብራይስጥ ያኤል ያለቻት መምህርት ሩት ሕፃናቱ ፊት እጇን አጣምራ ቆማለች። ሕፃናቱም «ሩት አፍ ያስራል፤ ከእንግዲህ ደመቁ ነሽ» ብለው ፈረዱባት። መምህርቷ ስታለቅስ ያይሽ ደስ የሚላት መስሏት ነበር፤ አብራ አልቅሳ አረፈችው።

ወላጆቿ ሰፈር ደረሱ። በጎንደር ወጋቸው ከባዕድ ጋር ውሎ የመጣ ሰው ወንዝ ወርዶ ገላውን እስኪታጠብ ደጅ ይቆያል እንጂ ማንንም አይነካም። እዚህ ግን ዘመድ አዝማዱ ተሰልፎ ጭቃ ይቀባል፤ ሳይቆሽሹ ያይሽን መንካት ክልክል ነው። አንዲት ፍየል እጃቸውን እያገላበጠች ትፈትሻለች።

«አንተ ገና ንጹሕ ነህ፤ ተመለስ!» ትላለች።

ከሰልፉ መጨረሻ እናቷ ጠጄ ቆማለች። ጤነኛ ናት፤ ጉንጯ ሞልቷል። ያይሽ «እማዬ!» ብላ ሮጠች።

«አትንኪኝ ልጄ፣ ገና አልቆሸሽኩም!» አለች እናቷ እጇን ወደ ኋላ ሸሽጋ። ዓይኗ ግን ልጇን ሊውጣት ደርሷል።

«ጭቃው እኮ አለቀ» አለች ፍየሏ።

«እንዴት ነው የሚያልቀው? የምን ግፍ ነው!» ያይሽ ተንበርክካ መሬቱን በጥፍሯ መቧጠጥ ጀመረች። መሬቱ ድንጋይ ነው። እናቷ ከላይ ሆና «በቃ ተይው፣ የኔ ልጅ» ትላታለች።

ስልክ ጮኸ። ያይሽ ባንና ተነሣች። ነግቷል፤ ቅዳሜ ነው። ስልኩ ላይ «አባዬ» የሚል አየች። ቄስ አድማሱ በሰንበት እንኳን ስልክ ሊደውሉ መብራት አያበሩም።

«ያይሽ፣» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። «እናትሽ አንቺን አንቺን ትላለች። ትንፋሿ እያጠረ ነው። መኪና ይዘሽ ነይ።»

«ሰንበቱስ፣ አባዬ?»

«ስለ ሰንበቱ እኔ እጠየቃለሁ። አንቺ ብቻ በነፍሷ ድረሺባት።»