ጋሼ ፉፋ ሳይነሡ

ብዙ ሰው ተሰብስቦ አንድ ደብዳቤ መጻፍ የሚችለው መቼ ነው? ሙያዬ ነውና ልንገራችሁ፤ ፍሬምወርክ ሲኖር ነው። ፍሬምወርክ ማለት ምሰሶና ማገሩ ቆሞ የሚሰጣችሁ ቤት ነው፤ የእናንተ ድርሻ ጭቃውን መምረግ ብቻ። እኔ የምሠራበት ደግሞ በየከተማው የተቀመጠ ሰው አንድ ወረቀት ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጽፍ ያደርጋል። የሠሩት ፈረንጆች አብዝተው የተጨነቁት ሁለት ሰው አንድ ቃል ላይ ቢሻማስ ብለው ነው። ሊቃውንት ናቸው፤ ግን ኢሉባቦርን አያውቁም።

የድልድይ ኮሚቴያችን ማመልከቻ ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት መላክ ነበረበት። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ እንደተኛች ማዶ ቀርታ ነበር። እንዲህ ያለውን ዳግም ላለማየት ቆርጬ ነው በዚሁ ፍሬምወርክ ማመልከቻ መጻፊያ ፕሮግራም የሠራሁት። ሊቀመንበራችን ጋሼ ፉፋ ከዳሪሙ ይመራሉ፤ ጡረተኛዋ መምህርት እትዬ ወርቅነሽ ከኖፓ፣ ማር ነጋዴው ጫላ ከያዮ ይጽፋሉ፤ እኔ መቱ ሆኜ ማሽኑን እጠብቃለሁ። ሁለቱ ጸሐፊዎች «ጨርሻለሁ» ብለው ሲወጡ ደብዳቤው ራሱ ይሄዳል።

ገና ሲጀመር «ጋሼ ፉፋ ገብተዋል» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። እትዬ ወርቅነሽ ዓረፍተ ነገሩን በጅምር ትተው «ኖር!» ብለው ጻፉ። ጫላም «ኖር ጋሼ!» አለ። ጋሼ ፊደል እየለቀሙ «በእግዜር፣ ተቀመጡ» ብለው እስኪጨርሱ ሁሉም እጁን ሰብስቦ ጠበቀ። ደህና፣ ጨዋነት ነው። የዳሪሙ ኔትወርክ ግን ምን ጨዋነት ያውቃል? ይሄዳል፣ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ጋሼ እንደ አዲስ ይገባሉ፤ ኮሚቴውም እንደ አዲስ ይነሣል። ስምንት ሰዓት ላይ ብቆጥር፣ አሥራ ዘጠኝ «ኖር» እና ሁለት መስመር ማመልከቻ! ለጫላ ደውዬ «ዝም ብለህ ጻፍ» ስለው፣ «ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ ብዬ? አሳዳጊ የበደለኝ መሰልኩህ?» ብሎ ተቆጣኝ።

እኔም እልኸኛ ነኝ። የፍሬምወርኩን ሆድ ዕቃ ከፍቼ፣ ኔትወርኩ ኖረም አልኖረ ጋሼ ፉፋ አንዴ ከገቡ እንዳይወጡ አደረግኋቸው። ከዚያ በኋላ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ባያችሁ! እትዬ ወርቅነሽ ይጽፋሉ፣ ጫላ ያሳጥራል፤ አሥር ሰዓት ላይ አለቀ። ኮራሁ፣ አልዋሽም።

አሥር ተኩል ሆነ፤ ደብዳቤው ንቅንቅ አላለም። ምን ሆናችኋል ብዬ ብደውል፣ እትዬ ወርቅነሽ ቅር ብሏቸው፣ ጋሼ ተቀምጠው እያሉ እንዴት ጥለናቸው እንወጣለን አሉኝ። ለጋሼ ደወልኩ። ለካ ዳታቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ቀፎ ያበጃሉ። ጋሼ፣ እርስዎ እስኪነሡ እየጠበቁ ነው አልኳቸው።

«ቶሌ፣ እሺ፣ እንዲያ ከሆነማ» አሉ። የተቀመጡበት ዱካ ሲንቋቋ ሰማሁ። «ተነሥቻለሁ፤ ንገራቸው።»

«ጋሼ ተነሥተዋል» ብዬ ለሁለቱ ጻፍኩላቸው። እትዬ ወርቅነሽ ወጡ፣ ጫላ ተከተለ፣ ማመልከቻው ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሄደ። ይህን ኋላ ቀርነት ከፕሮግራሜ እንዴት እንደማጠፋ እያሰብኩ ወንበሬን ለመሳብ እጄን ስዘረጋ ነው፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ እኔም ቆሜ እንደነበር ያየሁት።